አጋዘን ከተማ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደችኝ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ስለ አገራችን የዱር እንስሳት እንዳስተምር ተመድቤ ነበር። በቂ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ስላልነበረኝ ከኪሴ አንድ የ10 ሳንቲም አውጥቼ በላዩ ላይ የተቀረጸውን የደጋ አጋዘን በየወንበሩ እየዞርኩ አሳየሁ። «ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። የሚኖረውም ሰው በማይደርስበት ተራራና ጫካ ነው» አልኩ። ይኼኔ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አጎቴ ዲንሾ ነው የሚሠራው። ማታ ማታ አጋዘን ከቤቶቹ አጠገብ መጥቶ ይተኛል ይላል። ጫካ እያለለት ከተማ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

ክፍለ ጊዜው እያለቀብኝ ነበር። «ርቦት ነው። ጫካው ስለተመነጠረ የሚበላው አጥቶ ነው» ብዬ አለፍኩ። ልጅቷ ተቀመጠች፤ ፊቷ ግን መልሴን አልተቀበለውም። አጠገቧ ላለችው ልጅ «ሣሩ እኮ እዚያው ሜዳው ላይ ነው ያለው» ስትል ሰማኋት። የቀሩት ተማሪዎች ግን የተናገርኩትን በደብተራቸው ላይ ጻፉ። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። አስተማሪ የተናገረው ነገር ደብተር ላይ ከሰፈረ በኋላ በቀላሉ አይፋቅም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ያፈሰስኩትን ለመልቀም ልምምዱ ካለቀ በኋላ ጉዳዩን አንብቤ ለመረዳት ሞከርኩ። ያገኘሁትም ነገር ለልጅቷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም የሚጠቅም መስሎ ስለታየኝ እነሆ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ አቅርቤዋለሁ።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ

በአማርኛችን «አጋዘን» የሚለውን ስም ለብዙ እንስሳት እንሰጣለን። የቆላውን ባለ ጠምዛዛ ቀንድ አጋዘን እንላለን። ኒያላ የሚባለውንም የደጋ አጋዘን እንለዋለን። በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ የምናየውን ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለውንም እንስሳ ያው አጋዘን ነው የምንለው። በሳይንስ ግን እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ አባላት አይደሉም።

ልዩነቱ በቀንዱ ይታወቃል። የውጭ አገሩ ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን ቀንዱ ንጹሕ አጥንት ነው። በየዓመቱ ይረግፋል፤ እንደገናም ይበቅላል። በማደግ ላይ ሳለ የደም ሥር ባለው ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ይቆይና ሲጠነክር ቆዳው ተልጦ ይወድቃል። የእኛ የደጋ አጋዘን ቀንድ ደግሞ እንደ በሬና እንደ ፍየል ቀንድ ነው። ውስጡ አጥንት ሆኖ ላዩ ከጥፍር ጋር በሚመሳሰል ሽፋን የተለበጠ ሲሆን እስከ ዕድሜ ልክ አይረግፍም። ስለዚህ የእኛው ኒያላ በዝምድና ረገድ ከአውሮፓ አጋዘን ይልቅ ለላም ይቀርባል ማለት ነው። ከሰሐራ በረሐ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን በተፈጥሮ የለም።

ታዲያ ለምን አንድ ላይ አነሣኋቸው? ሁለቱም አመንዣኪ ናቸው። ሁለቱም ቅጠልና ሣር በልተው ያድራሉ፤ መከላከያቸውም በዋናነት መሸሽና መደበቅ ነው። ሁለቱም ዛሬ ባልተጠበቀ ቦታ፣ ከሰው ደጃፍ ላይ እየተገኙ ነው። የአንዱን ነገር በደንብ ካየን የሌላው ይገባናል። ስለዚህ መጀመሪያ ብዙ የተጠናበትን የውጭ አገሩን እንይና ወደ ዲንሾ እንመለሳለን።

ርቦት ወይስ ጠግቦ?

የኒው ዮርክ ከተማ ከተከፈለችባቸው አምስት ክፍሎች አንዱ ስታተን አይላንድ የሚባል ደሴት ነው። ዙሪያውን በውኃ የተከበበ፣ ቤትና መንገድ የበዛበት የከተማ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ደሴት ይኖራሉ ተብለው የተገመቱት አጋዘኖች 24 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአየር ላይ በተካሄደ ቆጠራ ግን 763 ተገኙ። ሁለቱ አኃዞች በአንድ ዓይነት ዘዴ የተገኙ ባይሆኑም እንኳ ጭማሪው ከፍተኛ መሆኑ አያጠራጥርም።

ደሴት ከሆነ በየት ገቡ? በዋና ነው። አጋዘን ጥሩ ዋናተኛ ነው። ደሴቱንና ጎረቤቱን የኒው ጀርዚን ግዛት የሚለየው ውኃ ጠባብ ስለሆነ ተሻግረውት መጡ። ከገቡ በኋላ ደግሞ ተዋለዱ። ጭራ ነጩ አጋዘን የሚባለው የዚያ አገር ዝርያ የእርግዝናው ጊዜ 200 ቀን ያህል ነው። በደንብ የበላች እናት ብዙውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ይህን ለሂሳብ ትምህርት ምሳሌ ብናደርገው ተማሪው ራሱ አስልቶ ይደርስበታል።

እዚህ ላይ ነው የእኔ መልስ የተሳሳተው። «ርቦት ነው» ብዬ ነበር። የኒው ዮርኩ አጋዘን ግን የመጣው ምግብ አጥቶ ሳይሆን በከተማው ምግብ ስለተትረፈረፈ ነው። አጋዘን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ መካከል ብዙ የሚበላ አያገኝም፤ ዛፉ ረዥም ነው፤ ከሥሩ ጥላ ስለሆነ ለምለም ነገር አይበቅልም። ባዶ ሜዳ ላይ ደግሞ መደበቂያ የለም። የሚወደው የጫካ ዳር ነው። በአንድ በኩል መሸሸጊያ፣ በሌላ በኩል የሚበላ ለምለም ቅጠልና ሣር ያገኛል። የእረኛ ልጅ የሆነ ሁሉ ፍየል ለምን ከቁጥቋጦና ከእርሻ ዳር እንደማትጠፋ ያውቃል። አሁን የአሜሪካንን የከተማ ዳር ሰፈሮች አስቡ። በእያንዳንዱ ቤት ፊት የሚጠጣና ማዳበሪያ የሚጨመርበት ሣር፣ ጽጌረዳ፣ አበባና የጓሮ አትክልት አለ። በየቤቱ መካከል ደግሞ ቁጥቋጦና ዛፍ አለ። ሰፈሩ በሙሉ «የጫካ ዳር» ሆነ ማለት ነው። በበጋ ጫካው ሲደርቅ የሰው ግቢ አይደርቅም።

በዚህ ላይ አሳዳጅ የለም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ተኩላና የተራራ አንበሳ ከጠፉ ረዥም ዘመን ሆኗል። በቤቶች መካከል በጥይት ማደንም የተከለከለ ነው። ከዛሬ 120 ዓመት ገደማ በፊት በአገሪቱ የቀሩት ጭራ ነጭ አጋዘኖች በአደን ብዛት ወደ ጥቂት መቶ ሺህ ወርደው ነበር። ለገበያ የሚደረገው አደን በሕግ ከተገታ፣ የተተዉ እርሻዎችም ወደ ጫካነት ከተመለሱ በኋላ ቁጥራቸው አደገ። ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ስለዚህ «ጫካው አልቆ ወደ ከተማ ተሰደዱ» የሚለው ለዚህ አገር አይሠራም። እንዲያውም የበዙት ጫካውም ከተማውም ተቀላቅሎ ስለተመቻቸው ነው።

ከመሐል ከተማ ድንገት ብቅ የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ወጣት ወንድ ነው። አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ከእናቱ ተለይቶ የራሱን ቦታ ፍለጋ ይወጣል። የባቡር ሐዲድ ዳር፣ የወንዝ ዳር፣ የመናፈሻ ዛፍ ሁሉ መንገድ ይሆነዋል። እንዲህ ሲል ሲል ራሱን ሕንፃ መካከል ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በዚያው በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም በሚባለው ሰፈር አንድ ወንድ አጋዘን በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ሰንብቶ ነበር። የሰፈሩ ሰው ወደደው፤ ከየአቅጣጫው ሊያየው ጎረፈ። በኋላ ከመናፈሻው ወጥቶ ወደ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲዘልቅ ተያዘ። የከተማው አስተዳደር «በሕክምና መንገድ ያለ ሥቃይ ይገደል» አለ። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት «የለም፣ ወደ ጫካ ይወሰድ» አለ። ሁለቱ ሲከራከሩ አጋዘኑ በተያዘበት ቦታ ሞተ። ለእኔ ይህ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው። ስለ እንስሳው አመጣጥ አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ሰው እንስሳው ከመጣ በኋላ የሚያደርገው ክርክር ለማንም አይጠቅምም።

ከተማው ዝም ሲል

በእንግሊዝ አገር በለንደን ምሥራቃዊ ጫፍ ሃሮልድ ሂል የሚባል ሰፈር አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቀድሞ የመኳንንት ርስት ላይ የተሠራ የመኖሪያ ቤቶች መንደር ነው። አጠገቡ ባለው ጫካ ጀርባቸው ነጠብጣብ ያለበት አጋዘኖች ይኖራሉ። ከዚህ ቀደምም ወደ ሰፈሩ ብቅ ማለታቸው አልቀረም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰው ሁሉ ከቤት እንዳይወጣ ሲታዘዝ ግን በመንጋ ሆነው መጥተው በየቤቱ ፊት ባለው ሣር ላይ ተኝተው ሲያመነዥኩ ታዩ። ፎቶግራፋቸውም በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «ተፈጥሮ ቦታዋን አስመለሰች» ብሎ ነበር። ነገሩ ግን ከዚህ ይቀላል። ሣሩ ትናንትም ነበር፤ አጋዘኑም ትናንት ነበር። የጎደለው መኪናና ጫጫታ ብቻ ነው። እንስሳው ሁልጊዜ ጥቅምንና አደጋን ይመዝናል። አደጋው ሲቀልል ሚዛኑ ወደ ምግቡ ያጋድላል። አጋዘኑ በመምጣቱ አዲስ ነገር ያደረገ ይመስላል እንጂ የተለወጠው የእኛ ሁኔታ ነው።

ሰውን እንደ አጥር

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ እየቀረብን ነው። በካናዳ ተራሮች መካከል፣ ባንፍ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በዚያው ስም የምትጠራ ትንሽ ከተማ አለች። በአካባቢው ኤልክ የተባለ ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ይኖራል። ተኩላዎች ከዚያ አገር በሰው እጅ ጠፍተው ቆይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመልሰው መጡ። ይኼኔ ኤልኮቹ ምን አደረጉ? ወደ ከተማዋ ተጠጉ። ተኩላ ሰው ስለሚፈራ ከተማዋን ይሸሻል። ኤልክም ሰው ይፈራል፤ ግን ከሰው ይልቅ ተኩላን ይፈራል። ስለዚህ ሰውን እንደ አጥር ተጠቀመበት።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ኤልኮቹ በከተማዋ ዙሪያ ሲበዙ የወንዝ ዳር ዛፎችን ለጋ ቅርንጫፍ በልተው ጨረሱ። ዛፉ ሲጎዳ በዛፉ የሚኖሩ ወፎችና ሌሎች እንስሳት ቀነሱ። ሰው የለመዱት ኤልኮችም ሰው መውጋት ጀመሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፓርኩ ሠራተኞች ብዙዎቹን ይዘው ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ተገደዱ። እንግዲህ አንድ እንስሳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቦታ በመለወጡ የስንቱ ኑሮ ተነካ!

ይህን ይዘን ወደ ባሌ እንሂድ። ዲንሾ ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ከከተማዋ አጠገብ፣ ጽድና ኮሶ ባለበት ጉብታ ላይ ይገኛል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዲንሾ ትንሽ ራቅ ብሎ ጋይሳይ የሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። ኒያላ በብዛት የሚታየው በነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው። እንስሳው በዓለም ላይ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባሉት የኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ የሚኖር ሲሆን ጠቅላላ ቁጥሩ ከጥቂት ሺህ የማይበልጥ በመሆኑ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መካከል ተመድቧል።

በዲንሾ አካባቢ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት የልጅቷን አጎት ቃል ያረጋግጣል። ኒያላዎቹ ከቀን ይልቅ በሌሊት ወደ ሰው መኖሪያ ይጠጋሉ። ምክንያቱ ምግብ ቢሆን ኖሮ ቀኑንም በመጡ ነበር። በሌሊት የሚንቀሳቀሰው ግን ጅብ ነው። ጅብ ኒያላን ያድናል፤ ሰውን ደግሞ ይሸሻል። ስለዚህ ኒያላው ቀን በሜዳውና በጫካው ሲግጥ ውሎ ሲመሽ ሰው ወዳለበት ይጠጋል። የሚገርመው ደግሞ ይህን የሚያደርጉት ሁሉም አለመሆናቸው ነው። አንዳንዱ ኒያላ ሰፈሩን ያዘወትራል፤ ሌላው አይቀርብም። እኛ «አጋዘን እንዲህ ነው» ብለን በጅምላ ብንናገርም እነርሱ በግል ይለያያሉ፤ ልክ እንደ ተማሪዎቻችን።

አንዳንዶቻችሁ «ጅብማ ራሱ ከተማ ይገባ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይገባል። በአዲስ አበባ እንኳ ሌሊት የጅብ ጩኸት የሰማን ጥቂት አይደለንም። ነገር ግን ኒያላው የሚፈልገው ጅብ ፈጽሞ የማይደርስበትን ቦታ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። የሚፈልገው ከሌላው ቦታ ይልቅ ጅብ የሚፈራበትን ነው። ውሻ በሚጮህበት፣ መብራት በሚበራበት፣ ሰው በሚያስልበት አካባቢ ጅብ እንደ ሜዳው ደፍሮ አያሳድድም።

እንግዲህ ልጅቷ «ሣሩ እኮ እዚያው ሜዳው ላይ ነው ያለው» ያለችው ትክክል ነበር። ኒያላው ርቦት አልነበረም የመጣው። ሊተኛ ነው የመጣው። እኔ በሁለት ዓመት ሥልጠና ያላየሁትን እርሷ ከአጎቷ ወሬ አገናዝባ አየችው።

ይሁንና አጥሩ የሚሠራው ሰውዬው ካልገደለ ብቻ ነው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ወቅት ጥበቃው በመላላቱ ብዙ ኒያላዎች ተገደሉ። በጋይሳይ ሜዳ በብዛት ይታይ የነበረው መንጋ በጣም ተመናመነ፤ እንደገና ለማገገምም ዓመታት ፈጀበት። እንስሳው ሰውን ተማምኖ ሲጠጋ ሕይወቱን በእጃችን ላይ አስቀመጠ ማለት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ አደራ ነው።

ቸርነት ሲጎዳ

እስካሁን አጋዘን በገዛ ምክንያቱ ሲመጣ አየን። ሰው ራሱ ሲጠራውስ? በጃፓን ናራ በምትባለው ጥንታዊ ከተማ ከ1,000 በላይ አጋዘኖች በመናፈሻውና በቤተ መቅደሶቹ ዙሪያ ከሰው ጋር ተደባልቀው ይኖራሉ። የአገሩ ሰው የአማልክት መልእክተኞች ናቸው ብሎ ያከብራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 በሕግ የሚጠበቁ የተፈጥሮ ቅርስ ተደርገዋል። ለጎብኚዎች ለነርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ብስኩት ይሸጣል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው መናፈሻ ከሞቱት አጋዘኖች በበርካታዎቹ ሆድ ውስጥ የፕላስቲክ ከረጢት ተገኘ። በአንዱ ሆድ የተገኘው ከ4 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። ጎብኚው በከረጢት የያዘውን ምግብ ሰጥቶ ከረጢቱን ጣለው፤ አጋዘኑ የምግቡን ሽታ ተከትሎ ከረጢቱን ዋጠው። በ2020 ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ጎብኚ ሲጠፋ አጋዘኖቹ ከመናፈሻው እየወጡ በከተማው መንገዶች ላይ ሲንከራተቱ ታዩ።

ምግብ መስጠት ለአመንዣኪ እንስሳ ከውስጥም ጉዳት አለው። ሆዱ አራት ክፍል ሲሆን በትልቁ ክፍል ውስጥ ሣርና ቅጠል የሚያብላሉ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ይኖራሉ። እነዚህ ሕዋሳት ለለመዱት ምግብ የተዘጋጁ ናቸው። ድንገት ዳቦ ወይም እህል ሲመጣባቸው ሆዱ ኮምጥጦ እንስሳው ይታመማል፤ ሊሞትም ይችላል። ይህን ለገጠር ልጅ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ጎተራ ገብታ እህል የበላች ላም ሆዷ ተነፍቶ ስትሠቃይ ያላየ ማን አለ?

ሌላም የቸርነት ስሕተት አለ። የአጋዘን እናት ገና የተወለደውን ግልገል ሣር ውስጥ አስተኝታ ለሰዓታት ትለየዋለች። ጥላው መሄዷ አይደለም። ግልገሉ ሽታው አነስተኛ ስለሆነና ዝም ብሎ ስለሚተኛ ጠላት በቀላሉ አያገኘውም፤ እርሷም እየተመለሰች ታጠባዋለች። በከተማ ግን ሰው ያየውና «እናቱ የሞተችበት ነው» ብሎ አንሥቶ ይወስደዋል። በዚህ ዓይነት ከእናታቸው የሚለዩ ግልገሎች በየዓመቱ ጥቂት አይደሉም።

የሁለቱም ወገን ጉዳት

ነገሩን በፍቅር ብቻ ብናየው ደግሞ ግማሽ እውነት ይሆናል። በአሜሪካ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች ከአጋዘን ጋር እንደሚጋጩ ይገመታል፤ በዚህም ሰው ይሞታል። አጋዘን በብዛት የሚንቀሳቀሰው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ዓይኑ ለጨለማ የተሠራ ስለሆነ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ተደናግሮ ባለበት ይቆማል። በዚያ አገር መዥገር የሚያስተላልፈው ላይም የተባለ በሽታም አለ። ያቺ መዥገር ካደገች በኋላ በአጋዘን ላይ ስለምትመገብ አጋዘን በበዛበት ሰፈር መዥገሯም ትበዛለች። ስታተን አይላንድ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ወንዶቹን አጋዘኖች እየያዙ በቀዶ ሕክምና ማምከን የጀመሩት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

በእኛም አገር ገበሬው ያለቅሳል። ዓመት ሙሉ የደከመበትን ገብስ በአንድ ሌሊት ተበልቶ ሲያገኘው «የዓለም ቅርስ ነው» ብንለው አይጠግብም። የጋይሳይን ሜዳ ሰንጥቆ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ደግሞ ለኒያላው አደጋ ነው። አሽከርካሪው እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ቢቀንስ ምንም አይጎዳም። በሰፈር የሚለቀቁ ውሾችም የሰፈሩን አጥርነት ወደ ወጥመድነት ሊለውጡት ይችላሉ።

ታዲያ ምን እናስተምር?

እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ነገር አንድ ነው። የዱር እንስሳ ከተማ ውስጥ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ወይም ተቸግሮ ብቻ አይደለም፤ አንድ የሚያስፈልገው ነገር እዚያ ስላለ ነው። ያ ነገር ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በኒው ዮርክ ምግብ ነው፣ በለንደን ጸጥታ፣ በባንፍና በዲንሾ ከጠላት መጠለያ፣ በናራ የሰው እጅ። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ በኪስ ይዞ ክፍል መግባት አይቻልም። እኔ የያዝኩት መልስ እንዲያ ያለ ነበር።

በዚህ ምክንያት ለእጩ መምህራን ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በምትመደቡበት ትምህርት ቤት ሰሌዳው ላይ አራት ጥያቄዎች ጻፉ። አንደኛ፣ እንስሳው እዚህ ምን ይበላል? ሁለተኛ፣ ከማን ይሸሻል? ሦስተኛ፣ በየት በኩል ይገባል፣ በስንት ሰዓትስ? አራተኛ፣ እኛ ምን ሰጠነው ወይም ምን ተውንለት? ከዚያ ተማሪዎቹ በሰፈራቸው የሚያዩትን እንስሳ ይምረጡ። ደጋ ላይ ከሆናችሁ ድኩላ ወይም ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ከተማ ከሆናችሁ ጅብ ወይም ጦጣ ይሆናል። ለአንድ ሳምንት ይመልከቱ፤ ወላጆቻቸውንና የሌሊት ዘበኞችን ይጠይቁ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። መምህራኖቻችንም በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜ ይህን ቢያሻሽሉልን ደስ ይለኛል።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። ልጆች እንስሳውን «ለምን መጣህ?» ከማለት አልፈው «እኛስ ምን አድርገን ነው?» ማለት የሚለምዱት በዚህ ነው። ቆሻሻውን የጣለ፣ ዳቦውን የወረወረ፣ ውሻውን የለቀቀ፣ ወይም በተቃራኒው ጎጆው አጠገብ የተኛውን እንስሳ ሳይነካ ያሳደረ ሰው ሁሉ በጉዳዩ ውስጥ ድርሻ አለው።

ስለ ልጅቷ ደግሞ ልንገራችሁ። የልምምዱ ጊዜ ስላለቀ ወደዚያ ክፍል ተመልሼ መግባት አልቻልኩም። ይሁን እንጂ «ባለፈው የጻፋችሁትን ሰርዙት፤ ኒያላው የመጣው ርቦት ሳይሆን ከጅብ ሸሽቶ ሊተኛ ነው፤ ትክክል የነበረችው እጇን ያወጣችው ልጅ ናት» የሚል አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቼ ወደዚያ በሚሄድ ጓደኛዬ እጅ ለክፍሉ አስተማሪ ላክሁላቸው። ለክፍሉ እንዲያነቡላቸውም ለመንኩ። መልሱ ገና አልደረሰኝም። አስተማሪ ተሳስቶ ነበር ብሎ ለተማሪ መንገር ክብር ይቀንሳል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ አርባ ደብተር ላይ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ጥሎ መሄድ ይከብደኛል።